ከጭሰኛነት እስከ ሖዜ፦ በጊቭዓት ሃሞሬ ቤት ልትከራዩ ላሰባችሁ

 

ባለፈው ንግግራችን ካበቃ በኋላ አንዲት እናት ስልክ ደወሉልኝ። ቤተሰቡ ከመርካዝ ክሊታ ሊወጣ ነው። ልጆቻቸው አንድ ቤት በአፉላ መሐል ከተማ፣ ሌላ ቤት ደግሞ ላይ በጊቭዓት ሃሞሬ አይተዋል። «ልጄ፣ የታችኛው ይሻላል ወይስ የተራራው? ደግሞስ የሰው ቤት ለመግባት ወረቀት መፈረም ምን የሚሉት ነገር ነው? በእኛ አገር ወረቀት የሚፈርም ሰው ወይ ዕዳ አለበት፣ ወይ ተከሷል» አሉኝ። በመጀመሪያ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አላስቅ አለኝ፤ እኒህ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር የስድስት መቶ ዓመት ታሪክ ነግረውኛል። ስለዚህ ዛሬ መልሱን የምሰጠው በታሪኩ በኩል አድርጌ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። ዘመኑን ስጠራ «ዓ.ም.» ያልኩበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው ሁሉ እዚህ የምንሠራበት የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው። አፉላ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አላት፤ ከቴል አቪቭ ወይም ከሐይፋ ጋር ስትተያይ ትልቅ ከተማ አትባልም። ለይዝራኤል ሸለቆ ግን ዋና ከተማው እርስዋ ናት። ጊቭዓት ሃሞሬ ከመሐል ከተማው በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በተራራው ጎን ላይ የተሠራ ሰፈር ነው። በማዘጋጃ ቤት ወረቀት አፉላ ይባላል፤ የሚኖርበት ሰው ግን «ወደ አፉላ ልወርድ ነው» ይላል፣ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ ሁሉ። የተራራው ራስ 515 ሜትር ከፍታ አለው። ማታ ነፋስ አለ፣ ፊት ለፊት ሸለቆው ይታያል፣ ከማዶ የጊልቦዓ ተራራ ይታያል። ከደጋ የመጣ ሰው እዚያ ሲቆም ደረቱ ይከፈታል፤ ይህን ብዙ ሽማግሌዎች ነግረውኛል።

ከተራራው ሥር ሱላም የሚባል የዓረቦች መንደር አለ። የመጽሐፈ ነገሥቷ ሱነም ይህች ናት ይባላል። ያች ሱነማዊት ሴት ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል አሠርታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ያኖረችለት እዚህ ነው። ኪራይ አልተቀበለችም፤ ዛሬ እንዲህ ያለ አከራይ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ። ሰው ሁሉ ይህን ያስታውሳል፤ የታሪኩን መጨረሻ ግን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ያች ሴት በረሃብ ምክንያት ሰባት ዓመት በፍልስጥኤማውያን አገር ተሰዳ ቆይታ ስትመለስ ቤቷና እርሻዋ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ አገኘችው። ወደ ንጉሡ ሄዳ ጮኸች። ንጉሡም ሹም አዘዘላት፤ ቤቷንና መሬቷን ብቻ ሳይሆን ከሄደች ጀምሮ ያፈራውን ፍሬ ጭምር አስመለሰላት። የቤት ሙግት በዚህ ተራራ ሥር አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዓፄ ይስሐቅ አባቶቻችንን ከወጋ በኋላ፣ ክርስትና የተነሣ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተነሣ ግን ፈላሲ ይሁን ብሎ እንደ ወሰነ ይተረካል። ዛሬ እንደ ስድብ የምንቆጥረው ቃል ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ቃሉ በመነሻው ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ መሬት ነበር ማለት ነው፦ መሬት የሌለው፣ ከቦታ ቦታ የሚፈልስ። ከዚያ ወዲህ በጎንደር አካባቢ ብዙው ሕዝባችን የሰው መሬት አራሽ ሆኖ ኖረ። እንደ ስምምነቱ እርቦውን፣ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰጥ ነበር። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች፤ ብዙው ይህን የያዘው መሬት ስለ ሌለው ነው። ጎጆውን የሚሠራው ግን ራሱ ነው። የቤት ኪራይ የሚባል ነገር ገጠር አልነበረም። ኪራይ የነበረው በመሬቱ ላይ ነው፤ ባለርስቱ «ተነሣ» ካለው ጎጆው እዚያው ይቀራል።

ይህ የተለወጠው በደርግ ጊዜ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የሚለው አዋጅ ወጣ። ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር መናገር ይቻላል፣ እኔም እናገራለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ሽማግሌዎቻችን በስማቸው የሚጠራ መሬት ያገኙት በዚያ አዋጅ እንደ ሆነ መካድ አይቻልም። ጎረቤት የቀናባቸውም በዚያው ምክንያት ነው። በአምስተኛው ወር፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ፤ ይህ ስለ ከተማ ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ ያዘው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች የሚባለው መሥሪያ ቤት ያዘው። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረ ሰው ክፍያው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። አከራይና ተከራይ የሚባል ነገር ቀረ ተባለ።

አልቀረም። ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲጎርፍ «ደባል» የሚባል ነገር መጣ። የቀበሌ ቤት ያለው ሰው አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ለዘመድ እንደ ሰጠ አድርጎ ያከራየዋል። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ምስክር የለም። በ1990 እና በ1991 ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ኤምባሲው አካባቢ ሲጠባበቅ፣ የተጠጋው በእንዲህ ያለ ክፍል ነው። ከዚያም በኋላ በጎንደርና በአዲስ አበባ ከተማ ዓመታት የጠበቃችሁ ወገኖች፣ ኪራይን የምታውቁት በዚህ መንገድ ነው፦ ወር ሲሞላ ገንዘቡን በእጅ ትሰጣላችሁ፣ ባለቤቷ «ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ካለች ዕቃችሁን ታወጣላችሁ። ኢትዮጵያ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የሚያዝ የኪራይ አዋጅ ያወጣችው በ2024 ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ያን ጊዜ እዚህ ነበራችሁ።

የአፉላ ታሪክም ከዚህ በጣም የራቀ አይደለም። በ1905 ቱርኮች ከሐይፋ ወደ ደማስቆ መንገድ የሚወስደውን ባቡር በሸለቆው ውስጥ ሲያስገቡ፣ አንዱ ጣቢያ እዚህ ቆመ። የመሬቱ ባለቤቶች ቤሩት የሚኖሩ ሱርሱቅ የሚባሉ ሀብታም ቤተሰብ ነበሩ። ከእነርሱ በተገዛው መሬት ላይ በ1911 መርሓቪያ ተመሠረተች፣ በ1925 ደግሞ አፉላ። መሬቱን ያርሱ የነበሩት የዓረብ ጭሰኞች በሽያጩ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ለቀው ሄዱ። ይህን የምነግራችሁ ለፖለቲካ አይደለም። ጭሰኛ የነበረ ሕዝብ ልጅ ስለ ሆንኩ ዘልዬው ማለፍ አልቻልኩም።

ከተማዋን የነደፈው ሪቻርድ ካውፍማን የሚባል ዕውቅ አርክቴክት ነው። በሸለቆው መሐል ትልቅ ከተማ ትሆናለች ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ኦፔራ ቤት ሳይቀር በንድፉ ነበረ ይባላል። ኦፔራው አልመጣም። የመጣው ሆስፒታሉ ነው፤ ሃዒሜቅ ሆስፒታል ከ1930 ጀምሮ እዚህ አለ፣ ከእናንተም ብዙዎቹ የምትወልዱት እዚያ ነው። ባቡሩ በ1948 ጦርነት ጊዜ ተቋርጦ ቀረ፤ ወደ ሐይፋና ወደ ቤት ሽአን የሚያደርሰው አዲሱ መስመር የተከፈተው በ2016 ነው።

አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ ስደተኛው ጎረፈ። በ1950 ማዕባራ የተባሉት የድንኳንና የቆርቆሮ ሰፈሮች ተጀመሩ፤ በ1951 መጨረሻ በውስጣቸው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ቤት እንዲሠራና እንዲያከራይ በ1949 አሚዳር የሚባል የመንግሥት ኩባንያ ተቋቁሞ ነበር። በጊቭዓት ሃሞሬ የምታዩት ያረጁት ሕንፃዎች፣ አሳንሰር የሌላቸው፣ ደረጃቸው ጠባብ የሆነው፣ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ከሰሜን አፍሪካና ከሩማንያ የመጡ ሰዎች ገቡባቸው፣ በ1990ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ተከተሉ፣ እኛም መጣን። «ይህ የእኛ ሰፈር ነበር» የሚል ጎረቤት ቢገጥማችሁ፣ እርሱም ተራውን ጠብቆ የገባ ስደተኛ እንደ ነበረ አስታውሱ፤ አትናገሩት እንጂ አስታውሱ።

በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው መጣ። እኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኜ በእናቴ ጀርባ መጣሁ። ጊዜው ከሩስያ የመጡት መቶ ሺዎች ቤት ያጣበቡበት ነበር። እነርሱ ግን ገንዘብ ተሰጥቷቸው ራሳቸው ቤት ፈልገው ይከራዩ ነበር። እኛን መርካዝ ክሊታ፣ ሆቴል፣ በኋላም የካራቫን ሰፈር አስገቡን። የታሰበልን መስሏቸው ነው፤ አንዳንዱም በእርግጥ ጠቅሞናል። ነገር ግን በአንድ ነገር ጎድቶናል እላለሁ፦ ቤት መፈለግን፣ መደራደርን፣ «አይሆንም» ማለትን አልተማርንም። መብራቱን የሚከፍለው ሌላ፣ የተሰበረውን ቧንቧ የሚጠግነው ሌላ። በ1993 ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ልዩ ማሽካንታ ተፈቀደልን። ስለዚህ ብዙው ወላጅ ከካራቫን በቀጥታ ወደ ራሱ ቤት ገባ፤ መሐል ያለውን ኪራይን ዘለለው። ለልጁ የሚያወርሰው የኪራይ ዕውቀት አልነበረውም።

የእኔ አባት ካልዘለሉት አንዱ ናቸው። ቤት እስኪገዙ አንድ ዓመት ተከራዩ። ሖዜውን፣ ማለት ውሉን፣ የሚያነብላቸው አልነበረም፤ ትልቁ ወንድሜ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አከራዩ ከኪራዩ ቼኮች ሌላ አንድ ገንዘቡ ያልተጻፈበት ቼክ «ለዋስትና ነው» ብሎ አስፈረማቸው። የውሉን ግልባጭ አልሰጣቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ ቀለሙ ተበላሽቷል፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያው ተቃጥሏል ብሎ በባዶው ቼክ ላይ የፈለገውን ጻፈ። ማሞቂያው ስንገባም አይሠራም ነበር፤ እናቴ ውኃ በድስት ታሞቅ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። አባቴ ለመሟገት ምን ይያዙ? አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብለው «ጌታው ተለወጠ እንጂ ሲሶው አልቀረም» አሉ። ኮሌጅ ገብቼ ይህን ሙያ የመረጥኩት በብዙ ምክንያት ነው፤ አንዱ ግን ያ ቼክ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ኪራይን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1971 ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ለተከራይ እምብዛም አይደርስለትም ነበር። በ2017 ክኔሴት ማሻሻያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለመኖሪያ የማይሆን ቤት ማከራየት አይፈቀድም፦ የሚጠጣ ውኃ፣ የመብራት መስመር፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ በርና መስኮት፣ አየርና ብርሃን፣ ከሌላው ክፍል የተለየ ሽንት ቤት መኖር አለበት። አከራዩ ብልሽትን እንዲጠግን ሲጠየቅ፣ ለመኖር የማያስችል ከሆነ በ3 ቀን፣ ሌላ ከሆነ በ30 ቀን ማስጠገን አለበት፤ ጥፋቱ የተከራዩ ካልሆነ በስተቀር። በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ የሚያዘው ዋስትና ከሦስት ወር ኪራይ ወይም ከጠቅላላው የውሉ ኪራይ ሢሶ፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቤት ከለቀቃችሁ በኋላም በ60 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይገባል። ደላላውን የጠራው አከራዩ ከሆነ የደላላውን ዋጋ እናንተ አትከፍሉም። ከእነዚህ ድንጋጌዎች አብዛኞቹን በውሉ ላይ እናንተን በሚጎዳ መንገድ ጽፎ ማፍረስ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ሰውን ሁሉ ሲያስደነግጥ አያለሁ። በምትፈርሙት ሖዜ ውስጥ «የተከራይ ጥበቃ ሕግ በዚህ ውል ላይ አይሠራም» የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። አንድ አባት ይህን ልጃቸው ሲያነብላቸው «እንግዲህ ሕግ የለንም ማለት ነው» ብለው ሊፈርሙ እምቢ ብለው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1940 እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ፣ በጦርነቱ ምክንያት ቤት ስለ ተወደደ ኪራይ እንዳይጨምር፣ ተከራይም እንዳይባረር አገዱ። ከዚያ «ድሜ ማፍቴሐ» የሚባል፣ የቁልፍ ገንዘብ ከፍሎ ዕድሜ ልክ በትንሽ ኪራይ የመኖር ልማድ መጣ። የተከራይ ጥበቃ ሕግ የሚባለው የእነዚያ ሰዎች ሕግ ነው። እናንተ የቁልፍ ገንዘብ ስላልከፈላችሁ እርሱ አይመለከታችሁም፤ የ1971ና የ2017 ግን ይመለከታችኋል። አንቀጹን ስታዩ አትደንግጡ።

ሕግ ቢኖርም የሚጠይቅ ከሌለ ወረቀት ነው። ባለፈው ክረምት በጊቭዓት ሃሞሬ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሄድኩ። የልጆቹ መኝታ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሻጋታ ጠቁሯል፣ ትንሿ ልጅ ታስላለች። አከራዩ «እናንተ እንጀራ ስለምትጋግሩ፣ ወጥ ስለምታበስሉ ነው፤ የእንፋሎታችሁ ነው» ብሏቸዋል። እናቲቱም አምነው ምጣዳቸውን ወደ በረንዳ አውጥተው ነበር! አብረን ተቀምጠን ቀኑን የያዘ አጭር ደብዳቤ ጻፍን፣ ፎቶ ጨመርን፣ በስልክም በፖስታም ላክን። ባለሙያ መጥቶ ሲያይ ከላይኛው ፎቅ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል። ግድግዳው ተጠገነ። ምጣዱም ወደ ቦታው ተመለሰ። አምስት ጊዜ በቃል ከመለመን አንድ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል፤ ሽምግልና የለመደ ሕዝብ ስለ ሆንን ጽሑፍ እንደ ጠብ ይመስለናል፣ እዚህ ግን እንደ ጠብ አይቆጠርም።

እንግዲህ ለእኒያ እናት ጥያቄ። በተራራው መኖር ጥሩ ነው፤ ኪራዩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ልጆች የሚሮጡበት አለ፣ የሀገር ልጅ አለ፣ ለቅሶም ሰርግም ብቻችሁን አትሆኑም። ነገር ግን ለብዙ ጉዳይ ወደ ከተማ መውረድ ያስፈልጋል፣ በሰንበት ደግሞ አውቶቡስ የለም። ጉልበት የሚያማቸው ሽማግሌ ካሉ ስንተኛ ፎቅ እንደ ሆነ ከዋጋው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ ፎቅ የገቡ አንድ አባት ወደ ጸሎት ቤት መሄድ ትተዋል፤ ያ ከኪራዩ በላይ የሚከፈል ነው። ለደረጃው ጽዳትና መብራት በየወሩ ለቫአድ ባይት፣ ለሕንፃው ኮሚቴ ማለት ነው፣ ትከፍላላችሁ፤ የመጀመሪያውን ወር ይዛችሁ ሂዱና ተዋወቁ። እናቴ ቡና ስትቆላ ጭሱ ደረጃውን ሞልቶ ጎረቤት ሲያጉረመርም፣ አንድ ቀን ሲኒ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቷ ሽታው ሲቀር «ታመምሽ ወይ?» እያለች ትጠይቃት ነበር።

አርኖና የሚባለውን የከተማ ግብር የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ለ12 ወር እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም ቤታችሁ ይዞላችሁ አይመጣም። በገባችሁበት ቀን የውኃና የመብራት ቆጣሪውን ፎቶ አንሡ፣ ሒሳቡንም በስማችሁ አስዙሩ፤ የቀድሞውን ሰው ዕዳ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ለዋስትና ቼክ መስጠት ግድ ከሆነ የአከራዩን ስም፣ የገንዘቡን ልክ፣ «ለዋስትና ብቻ» የሚለውንም በዕብራይስጥ ጻፉበት። ባዶ ቼክ አትስጡ። ስለ አባቴ ስትሉ።

እማማ፣ ልጆችዎ የተራራው ቤት አንደኛ ፎቅ እንደ ሆነ ነግረውኛል፤ እንግዲያው እኔ ብሆን የተራራውን እይዝ ነበር። ፊርማው እሑድ ነው ብለዋል። ሖዜውን ሐሙስ ጠዋት ይዘውት ይምጡ፣ ከቡናው በፊት እናነበዋለን።